«ውጫሌ በልቼ መጣሁ»

ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ካለው ቤታችን ውጫሌ ገበያ ይመላለሳል። አንድ ሰሞን ከውጫሌ በተመለሰ ቁጥር እራቱን ይገፋ ጀመር። «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። አንድ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይታጠባል።

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ሳየው ጥርጣሬ ገባኝ። ሰው ሌላ ቤት እየበላ እንዴት ይከሳል? ሴት ይዟል፣ እሷም መድኃኒት አድርጋበታለች አልኩ።

በገበያ ቀን ሚኒባስ ይዤ ተከተልኩት። ያገኘሁት ከአንድ እህል መጋዘን ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልስ ነው። ባለመጋዘኑ ሽማግሌ ውኃ ይዘውለት መጡ።

«ልጄ፣ እዚህ ከመጣ ሻይ እንኳ አይቀምስ» አሉኝ።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ።»

ግማሹን ብቻ አመንኩት። ቢሆንም ደሴ ወሰድኩት። በጉሮሮው ካሜራ አስገብተው ጨጓራውን አዩ፤ ቁራጭ ሥጋም ወስደው መረመሩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ «ሊምፎማ ነው፤ የካንሰር ዓይነት ነው» አለን።

አሁን ደግሞ ሐኪሙን ጠረጠርኩ። የጎረቤቴን ወንድም ይኸው በሽታ ሲይዘው ያበጠው አንገቱ ነበር።

«ዶክተር፣ ውጤቱ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ እንዳይሆን። ይኼ አንገት ላይ አይደል የሚወጣው?»

«አንገት ላይም ይወጣል» አለኝ ሳይቆጣ። «ግን በሽታ የሚከላከሉልን ሴሎች በጨጓራና በአንጀት ግድግዳም ውስጥ አሉ። ከምግብ መተላለፊያው ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ ነው፤ ቀጥሎ ከትንሹ አንጀት። ከትልቁ አንጀት የሚነሳው ጥቂት ነው።»

የባለቤቴ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ነው አለ። ጨጓራው ውስጥ እጢውን የሚቀሰቅስ ባክቴሪያም ስለተገኘ በሚያጠፋው ክኒን እንጀምራለን፤ ብዙ ጊዜ እጢው አብሮ ይጠፋል አለን።

ካንሰር በክኒን? ተስፋ ቆርጠው ሊሸኙን ነው ብዬ ፊቴ ተለዋወጠ። ባለቤቴ አየኝና ሳቀ።

«አንቺ፣ ሐኪሙንም ልትከተይው ነው እንዴ?»

ክኒኑን ጨረሰ፤ ማስመለሱም ቀስ በቀስ ተወው። ከወራት በኋላ በካሜራ ሲያዩት እጢው ቀንሷል። በሌላ ጊዜ ደግሞ «አሁን አይታይም፤ ሊመለስ ስለሚችል ግን ክትትሉን እንዳታቋርጡ» አለን ሐኪሙ።

ባለቤቴን አስቀድሜ ወደ ውጭ ሰደድኩና ሐኪሙን እውነቱን ለብቻዬ እንዲነግረኝ ለመንኩት። ያንኑ ደገመልኝ። ኮሪደር ላይ ነርሷንም ጠየቅኳት። እሷም ያንኑ አለች።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ወጣሁ።