አፌን በነጠላ የሸፈንኩበት ቅርጫ

ልጅ የሒሳብ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ መልሱ ከአፋችሁ አምልጦ ያውቃል? እኔን ትናንት አመለጠኝ። የልጅ ልጄ ደብተሯን ገና ስትዘረጋ «ይህማ ለሦስት ይካፈላል!» አልኳት። አኩርፋ ሄደች። ያን ጊዜ የኔታ ትዝ አሉኝ።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን ነው። ከጦርነቱ በፊት የተማርኳትን ሒሳብ ይዤ ገሳይ አጠገብ ወዳለ አንድ ደብር ተጠጋሁ። የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ፣ ልጆቹ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ባለችው ሰዓት ሒሳብ እንዳስተምር ፈቀዱልኝ። ማስረዳት ስወድ! አንዱን ነገር በሦስት መንገድ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም ነበር። ልጆቹም ማባዣውን በዳዊት ዜማ ያዙት። ዜማው ያምራል፤ ግን «ስድስት ጊዜ ሰባት?» ሲባሉ ከስድስት ጊዜ አንድ ጀምረው ካላዜሙ አይደርሱበትም።

የኔታ ሰምተው ሳቁ። «ዜማማ እኛም አለን። እስከ ፋሲካ የሒሳብህን ጥቅም ካላየሁ ሰዓቷ ወደ ዳዊት ትመለሳለች» አሉኝ።

ቀዳም ስዑር ደረሰ። ሁላችንም ቀጤማ ራሳችን ላይ አስረናል። ከደብሩ ቅጥር ውጭ የቅርጫ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። ሌላ ጊዜ የበሬው ሥጋ በቤቶቹ ቁጥር ልክ ተመድቦ በዕጣ ይወሰድ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዘጠኝ ቤቶች ሙሉ መደብ ሲፈልጉ፣ ባሎቻቸው ለአርበኝነት ዱር የገቡ አራት ሴቶች ግማሽ ግማሽ ጠየቁ። በሬው ስንት ቦታ ይመደብ?

ልጆቹን ሰብስቤ ላስረዳ ስል የኔታ ክንዴን ያዙኝ።

«ዝም በል እስቲ! እኛ ለቅኔ ተማሪ ቅኔውን እንነግረዋለን? ዛፍ ሥር ብቻውን አስቦ ይመጣል፤ እኛ እንሰማለን።»

«ቢሳሳቱስ፣ የኔታ?»

«አንተ ከተናገርክማ ሰዓትህ አለቀች።»

ነጠላዬን አፌ ላይ ጠመጠምኩ። ልጆቹ የበሬውን ጥያቄ ይዘው ጽዶቹ ሥር ተበተኑ። ጉና ላይ ደመና ተቆልሏል፤ ከየቤቱ የድፎ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ከስቅለት ጀምሮ አክፍዬ ስለነበር ሆዴ ይጮሃል። ከሆዴ የባሰ ያስቸገረኝ ግን ምላሴ ነበር።

መጀመሪያ የተመለሰው ወርቁ «ዐሥራ ሦስት!» አለ። ነጠላዬን ነከስኩ።

የየኔታ የእህት ልጅ ጥሩነሽ ጠጠሮቿን ይዛ መጣች። «እንዲያ ከሆነማ ግማሽ የጠየቀችው እትዬ ብርቄ ሙሉ ልትወስድ ነው! ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ አይደል? ዐሥራ አንድ ይመደብ፤ አራቱ ሴቶች ሁለቱን መደብ ይግመሱት።»

ወርቁ መች ይለቃል? «ለምን ሃያ ሁለት ትንንሽ አናደርገውም? ሙሉ የፈለገ ሁለት ሁለት ያንሳ።»

«ጉበቱን ሃያ ሁለት ቦታ ከትፈህ ለድመት ልትሰጥ ነው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እነዚያ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሰዎች በዐሥራ አንድ ተስማሙ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «በል አሁን ተናገር። ምን ትጨምራለህ?»

ነጠላዬን ፈታሁ። ባስብ ባስብ የምጨምረው አጣሁ። «ምንም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ሰዓቷ ያንተ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጥያቄያቸውን ይዘው ጽዶቹ ሥር የማይበተኑበት ቀን አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄን ታርቄ የዚያን ቅርጫ ጥያቄ ሰጠኋት። ይህን ስጽፍ ጓሮ ተቀምጣ ጠጠር ትደረድራለች፤ እኔም በመስኮት እያየሁ ምላሴን ይዣለሁ። እናንተም ለቤታችሁ ልጅ አንድ ጥያቄ ሰጥታችሁ ዝም ብላችሁ ሞክሩ። ነጠላ ከሌላችሁ መዳፋችሁም ይበቃል።