አሥራ ስድስቱ ክቦች

የታሰርኩት በአልጌ ነው ብል ማን ያምነኛል? በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ቤት ለቤት ፍተሻ ሲደረግ ከማስታወሻ ደብተሬ መሃል አንድ ሥዕል አገኙ፤ አሥራ ስድስት ትንንሽ ክቦች፣ ሁሉም በቀጭን መስመር የተያያዙ። ከነሪ ወንዝ ዳር ካቆረ አረንጓዴ ውሃ ቀድቼ፣ በትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ አይቼ የሳልኩት አልጌ ነው። ፈታሾቹ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ተያዩና ጫማህን አድርግ አሉኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የበቆሎ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ዱቄቱ ከግድግዳው ስላልለቀቀ ስንተነፍስ ጉሮሯችንን ይከረክረን ነበር። አጠገቤ የሚተኙት አንድ የአሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለጦር ሜዳ የሚሄዱ የመንደራቸውን ወጣቶች ስም አልሰጥም ብለው የገቡ። አባባ እላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ክቦቹ ሰዎች፣ መስመሮቹ ግንኙነት መሆናቸውን እሱ ለእኔ ያስረዳኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ከእኔ በተሻለ ያስተምራል። ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር መሆኑን ነገርኩት፤ አሥራ ስድስቱ ተያይዘው አብረው እንደሚዋኙ፣ ሁሉም እኩል መሆናቸውን፣ አንዱ ብቻውን እንኳ ተከፋፍሎ እንደገና አሥራ ስድስት እንደሚሆን። አፌ አያርፍ! ይህን የመጨረሻውን ስናገር ዓይኑን አየሁት፤ በራ።

«አለቃቸው የቱ ነው?»

«አለቃ የላቸውም።»

«አለቃ የሌለው ድርጅት የለም፣ መምህር» አለኝ።

ሥዕሉንና እስክሪፕቶ ሰጠኝና፣ ከየክቡ ሥር ስም ጽፌ እስከ አሥር ሰዓት ካመጣሁ ማታ ቤቴ እንደማድር ነግሮ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

አልዋሽም፣ ስም ፈለግሁ። በኦሞራቴ በኩል ኬንያ ገባ የሚባል አንድ ባልደረባ ነበረኝ። የሄደ ሰው ምን ይሆናል? ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሚስቱ ግን ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚያው ከተማ ነበረች፤ ስሙ ከተጻፈ መጀመሪያ የሚንኳኳው የማን በር እንደሆነ አላጣሁትም። ቤቴን ናፍቄ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። በመጀመሪያው ክብ ሥር የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ።

አባባ ማንበብ አይችሉም። የቆመ እጅ ግን አይተዋል።

«እኔንም አንድ ስጥ አሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ስትሰጥ አፋቸው ሁለት ይለምዳል።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ፊደሏን እስክትጠፋ ድረስ አጠቆርኳት። ከሥሯ የራሴን ስም ጻፍኩ። በሁለተኛው ክብ ሥርም የራሴን። በሦስተኛውም። እንዲህ እያልኩ አሥራ ስድስቱንም ሞላሁ፤ ጽሕፈቴም ለተማሪ እንደምጽፈው ጥርት ያለ እንዲሆን ተጠነቀቅሁ።

መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሁለት ሰዎች ጠራ። የሆነውን ውስጥ እግሬ ያውቀዋል። ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው። አባባ በዚያ ሰሞን ወደ ሽንት ቤት ደግፈው ይወስዱኝ ነበር፤ እሳቸውም የታመመ ጉልበት ይዘው።

በዚያ ወረቀት ምክንያት ሌላ ሰው አልታሰረም። ከወራት በኋላ እኔን ለቀቁኝ፤ አባባን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው፣ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

የባልደረባዬ ሚስት አሁንም ጂንካ ናት። ስም አለመስጠቴን ሰዎች ነግረዋታል። ቅዳሜ ገበያ ስንገናኝ እጄን ይዛ፣ «ልጆቼን ያሳደግኳቸው እርስዎ ዝም ስላሉ ነው» ትለኛለች። አሜን ብዬ ቶሎ ለመሄድ እቸኩላለሁ። ያጠቆርኳትን ፊደል እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።