ደጃፍ ላይ የተገኘው ሰማያዊ ድንጋይ

ዘመድ አዝማዱ «ድንጋዪቱ» እያለ ነው የሚጠራት። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረውም የምትመራመረውም ስለ ድንጋይ ስለሆነ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ዕድሜዋን የፈጀችው ከከተማው ወዲያ ባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ ነው። እዚያ ያሉት አረንጓዴ፣ በቅጠል በቅጠል የሚሰነጠቁ ድንጋዮች ጥልቅ ሳይወርዱ፣ ከላይ ከላይ ግለው የተለወጡ ናቸው ብላ ጽፋለች፤ ስንቱንም አስተምራለች።

አንድ እሁድ ታላቅ ወንድሟ ቤት ምሳ ተጠራች። ወንድሟ ግንበኛ ነው። ጭቃ የነካ ጫማዋን ልታወልቅ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ስትል፣ የደረጃው ድንጋይ ጠርዙ ተሸርፎ ውስጡ ታያት። ሰማያዊ ነው። ክው አለች።

«ምነው፣ እባብ አየሽ እንዴ?» አለች የወንድሟ ሚስት።

«ጋሼን ጥሪልኝ! ጋሼ፣ ይኼን ከየት ነው ያመጣኸው?»

ወንድሟ አፉ ውስጥ ያለውን እያላመጠ ወጣ። «ከተራራው ሥር፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት። ቤቱን ስሠራ ነው። ምነው፣ ወርቅ አለው?»

እርጥቡ ላይ ተንበርክካ ስብራቱን በጣቷ ዳሰሰች። ድንጋዩን ሰማያዊ ያደረገው ማዕድን የሚፈጠረው የውቅያኖስ ወለል ከሌላ የምድር ቅርፊት ሥር ሲሰምጥ፣ ድንጋዩ በደንብ ሳይሞቅ እጅግ ጥልቅ ወርዶ ከባድ ጫና ሲያርፍበት ነው። እሷ ደግሞ «እንዲህ ያለ ድንጋይ በዚህ አገር ተራራ ላይ የለም» ብላ የማለች ሰው ናት። ስንት ዓመት ረግጣው ገብታለች!

«ንቀልልኝ» አለችው።

«ደረጃዬን?» ሚስትየው ጮኸች። «እንግዳ እየዘለለ ይግባ?»

ወንድሟ ግን ፊቷን አይቶ መዶሻና መሮውን አመጣ። ምሳው ቀዘቀዘ።

ድንጋዩ በስሱ ተቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ፣ ሰማያዊው መሃል ላይ ነበር፣ አረንጓዴው ዙሪያውን ከቦታል። መጀመሪያ ጠልቆ ሰማያዊ ሆነ፤ ኋላ ወደ ላይ ሲመለስ ሞቆ አረንጓዴ ለበሰ። እሷ ያየችው ልብሱን ብቻ ነበር። የኬሚስትሪ ምርመራው ውጤት ደግሞ ባሕር ውስጥ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው አላት።

በሳምንቱ ከወንድሟ ጋር፣ እሷ ረግጣው ወደማታውቀው የወንዙ መታጠፊያ ወረዱ። ውሃው ያጠበው ገደል እስከ ላይ ድረስ ሰማያዊ ነው።

«ይኼ ሁሉ ባሕር ነበር በይኛ» አለ ወንድሟ።

«ባሕር ነበር። ከዚያ ከምድር በታች ወርዶ ተመለሰ።»

«በስመ አብ!» አለና ኮፍያውን አወለቀ።

ሰኞ ክፍል ገብታ «እስከ ዛሬ ስለዚህ ተራራ የነገርኳችሁ ስህተት ነው» አለች። ጠመኔውን አንስታ ከመጀመሪያው ጀመረች።