ይርጋን አይቼ ነው የመታሁት

ሙላት ግጥሜን አልቀበልም አለኝ። ሉማሜ ላይ፣ በሰርግ ዳስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት። የተበደልሁት ይህ ነው። እኔ የበደልሁትን ግን ለንስሐ አባቴም እንዳለ ተናግሬው አላውቅም፤ ግማሹን ነው የሰጠኋቸው። አንተ የምታነበው፣ ሙሉውን ስማ።

ሙላት መሰንቆ ይመታል፤ እህቱ ታዜማለች፤ አንድ ከበሮ መቺ አላቸው። ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ ጠጅ ቤት እንገባለን። እኔ «ተቀበል!» ስል ቤቱ ጸጥ ይላል። ግጥሙን እሰጠዋለሁ፣ እሱ በመሰንቆው ተቀብሎ ይመልሰዋል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ያኔ ሀ ሁ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርሁት ከአርባ ዓመቴ ወዲህ ነው። ግጥሜ ግን ሉማሜን ዞሮ እስከ ዲማ ይዘልቅ ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ? ሁለት ጥማድ መሬትና ይህችው አፌ።

ከዚያ ሙላት መሰንቆውን ሰቅሎ ኦርጋን ገዛ። ከበሮውንም ኦርጋኑ ራሱ ይመታል ብሎ ከበሮ መቺውን አሰናበተ። ዘፈኑ ሁሉ ቀድሞ የተጠና ሆነ፤ ተቀበል የሚባል ነገር ቀረ። ጠጅ ቤቱም ለሁለት ተከፈለ።

«ከበሮ መቺ የሌለው ከበሮ፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው» አልሁ።

«አንተ አልቃሽ! ሰው ሲዘምን አብረህ ዘምን እንጂ» አለኝ ይርጋ።

ይርጋ ሚዜዬ ነው። ከመሰንቆው ወገን ነበር፤ ከድቶኝ ወደ ኦርጋኑ ነው የሄደ። በየቅዳሜው ስንሰዳደብ ከረምን። አንድ ጊዜማ ብርሌ ተወራውረን የአንዱ ግንባር ተተረተረ።

የሰርጉ ዕለት ሙላት ኦርጋኑን ዳሱ ውስጥ ተክሎ ሲያስጮኸው አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ «ተቀበል!» አልሁ። ኦርጋኑን መምታቱን ቀጠለ። ደገምሁት። ድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ፣

«አያ ደምሴ፣ እሱ ቀርቷል። ጽፈህ አምጣና እናጠናዋለን» አለ።

«በአውራ ጣቱ ይጽፍልሃል!» አለ ይርጋ። በጣት አሻራ እንደምፈርም ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ብርጭቆዬን ወረወርሁ፤ ኦርጋኑን ስቶ የሙላትን ከንፈር ፈለጠው። ከዚያ በኋላ ዱላ ብቻ ሆነ። የኦርጋን ወገን፣ የመሰንቆ ወገን። ምሰሶው ወደቀ፣ ሴቶች ጮሁ፣ ሙሽራዋን በጓሮ አሸሿት። ጥርስ ሲረግፍ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል? ደስ አለኝ።

ይርጋ ሙላትን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ጋቢውን አወቅሁት፣ ማጅራቱን አወቅሁት። ዱላዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀኝ ጆሮው ላይ አሳረፍሁበት። ወደቀ። ወድቆም ደገምሁት። ማን አዘዘኝ? ጠላው? የሙላት ንግግር? እኔ ነኝ። እኔ መታሁት፣ እኔ ደገምሁት።

በዚያ ሁሉ ዱላ መካከል ማን እንደመታው ሳይታወቅ ቀረ። ቀኝ ጆሮው ግን ደነቆረ። ሲድን መጥቶ ታረቀኝ፤ «ለኦርጋን ብለን!» ብሎ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይም ሰንበቴ ላይም በቀኜ ነው የሚቀመጥ፣ ደህናው ጆሮው ወደ እኔ እንዲሆን። ስንት ዓመት እንዲህ አጠገቤ ተቀመጠ! ስንት ዓመት ወደዚያ ጆሮ ስለ ዝናብና ስለ በሬ አወራሁ!

በመጨረሻ ለሽማግሌዎች ነገርሁ። ግን ምን ብዬ? «በግርግሩ፣ ማንነቱን ሳላውቅ» ብዬ። ድንጋይ ተሸክሜ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይርጋ እግር ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ለመኑት። ሁለቴ ፊቱን አዞረባቸው። በሦስተኛው፣

«ሳታውቅ ከሆነ፣ ስለ እግዜር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ» አለ።

ሳታውቅ ከሆነ! ያኔ «አውቄ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግንባሬ አፈር ላይ እንዳለ ዝም አልሁ። ድንጋዩን አወረዱልኝ፤ ተነሥቼ ሳምሁት።

አይቼህ ነው ይርጋ። ማጅራትህን አይቼ ነው። የማቀርበው ሰበብ የለኝም፤ ያን ይቅርታም የሰረቅሁት ነው። ይርጋ ማንበብ አይችልም። ይህን ያነበብህ ሰው፣ በሉማሜ ካለፍህ በግራ ጆሮው በኩል ሆነህ ንገረው፤ እኔ ፈርቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ አለቀ ብለው መርቀው የበተኑን ሚያዝያ 23 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።