የነጯ መኪና ክንፍ

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ፉአድ ያረጀች አውቶሞቢሉን ደጄ ላይ አቁሞ ጡሩምባ ነፋ። ወጣሁ። የኋላ ኮፈኑ ላይ ጥቁር ስፖይለር፣ ያን ክንፍ የሚመስል ጌጥ፣ አስገጥሟል። "ጋሼ፣ እንዴት ናት?" አለኝ፤ ከደስታው ብዛት አፉ አልገጥም ብሎታል። እጄን ከስፖይለሩ ሥር ሰድጄ ቀዳዳ ፈለግሁ። ሳላስበው ነው ያደረግሁት። ቀዳዳ የለውም። ልጁ ግራ ገብቶት ሲያየኝ ደሜ ፈልቶ ወደ ቤት ገባሁ። እሱ ምንም አላጠፋም። ያናደደኝ ሌላ ሰው ነው፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይቶም ያናድደኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ጥግ አባ ዲጋ ከሚባሉ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ነበር የምሠራው። ኩራዝ እንሠራለን፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያ እንሠራለን፣ አሸንዳ እንሠራለን። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ አባ ዲጋም አልቆጠሩም። ሥራቸው ግን ሕግ ነበረው። ውስጡ ባዶ ሆኖ ደጅ የሚውል ቆርቆሮ ሁሉ ከሥሩ ይበሳል። "የጅማ ዝናብ ውስጥ ገብቶ፣ ተኝቶ ነው የሚበላህ" ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ትንሿ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ሳልበሳ ዕቃ ከእጄ አይወጣም ነበር። የክረምቱን ዝናብ የማያውቅ ሰው ይሄ ነገር አይገባውም። እኛ አገር ጫማ እንኳ አልጋ ሥር ሆኖ ይሻግታል።

አንድ ቀን ወርቅነህ የሚባል የመሥሪያ ቤት ሹም ነጭ አውቶሞቢሉን ደጃችን አቆመ። ያኔ "እርስዎ" ነበር የምለው። ዛሬ አንቱ ልለው አልፈልግም። ከፈረንጅ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል አወጣ፤ ከኋላዋ ክንፍ ያላት መኪና።

"ከማል፣ ይሄን ትሠራልኛለህ?"

"ምን ይሠራል ጋሼ?"

"ያምራል! ሌላ ምን ይሠራል?"

ይቺ ቃል ነች የገዛችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእጄ የወጣ ነገር ሁሉ ለጋዝ፣ ለውሃ፣ ለዱቄት ነበር። ለማማር ብቻ የሚሆን ነገር ሥራልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ፊደል ባላውቅም ሥዕል አውቃለሁ፤ ያቺን ገጽ ደጋግሜ እያየሁ፣ ላሜራውን ከእንጨት ላይ አስተኝቼ በጎማ መዶሻ ቀስ እያልኩ አጎበጥኩት። ወርቅነህ እየመጣ "ወፈር አድርገው፣ ሆዱ ሰፋ ይበል" ይለኛል። "አንዱን ጫፍ ደግሞ አትበይደው፤ ክዳን አብጅለት፣ በኋላ መብራት አስገባበታለሁ" አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነው?

ቀለም ተቀብቶ የተገጠመ ዕለት ገበያው ሥራ ፈታ። ልጆች "ኮንኮላታን ኮቾ ቀብዲ!" እያሉ ከኋላዋ ሮጡ፤ መኪናዋ ክንፍ አላት ማለታቸው ነው። አጠገባችን ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ "ወላሂ፣ ይቺ ነገር ጊቤን በድልድይ አትሻገርም፤ በላዩ ነው የምታልፈው" አለ። አባ ዲጋ ብቻ እጃቸውን ከክንፉ ሥር ሰደዱና የበሳኋትን ቀዳዳ ሲያገኙ አንገታቸውን ነቀነቁ። ለኔ ከዚያ በላይ ምስጋና አልነበረም።

ወርቅነህም "ለውለታህ አዲስ አበባን አሳይሃለሁ" ብሎ ይዞኝ ወጣ። አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም ነበር። ሐምሌ ነው፣ መንገዱ ዳርና ዳር እንጉዳይ የሚያበቅል እርጥበት ነው። አሰንዳቦ ላይ ትኩስ ዳቦና ሻይ ጋበዘኝ። ከዚያ ስንነሳ ዝናቡ ወረደ። የመስታወቱ መጥረጊያ አልችል ብሎ ያቃስታል፤ እኔ በየደቂቃው ዞሬ ክንፌን አያለሁ።

ሰኮሩ ኬላ ላይ አስቆሙን። ያኔ ቡና በግል ማውጣት ክልክል ነበር፤ አዲስ አበባ ቡና ጠፍቶ ስለነበርም ኬላው አይምርም፤ እናት ለልጇ የቋጠረችው ሳይቀር ተፈትቶ ይወረሳል። ፈታሹ መኪናዋን ዞሮ ከኋላ ቆመና ጠራን። ወረድን። ከክንፉ ሥር ነጭ አረፋ ታርጋው ላይ ይወርዳል። የሳሙና አረፋ ነው። እያየን አንዲት የተፈለፈለች ጥሬ ቡና ጠብ አለች። ሌላዋ ተከተለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ፈታሹ።

"ጌጥ ነው፣ ጓድ" አለ ወርቅነህ።

"ጌጡ ቡና ይወልዳል እንዴ?"

ያኔ ገባኝ። ሆዱ ይስፋ ያለው፣ ክዳን ያስበጀው፣ ቡና ሊሞላበት ኖሯል። ቀዳዳዋን በሳሙና ደፍኗት ነበር፤ ዝናቡ አሟሟው። እኔ ውበት ስሠራ እሱ ያሠራኝ ጆንያ ነበር።

ወርቅነህ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። "እኔ የማውቀው የለም። ሠሪው ይኸው፣ እሱን ጠይቁት" አለ።

ፈታሹ ወደኔ ዞረ። "አንተ ነህ የሠራኸው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ!" አልኩ።

በኩራት ነው ያልኩት። ማን ሠራው ተብሎ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም ነበር፤ አፌ ከልቤ ቀደመ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ብጮህ ማን ይስማኝ? "ቡናውን የደበቅሁት እኔ ብሆን ቀዳዳ እበሳለሁ?" ብዬ ለመንኩ። ሳቁ። ሹሙ ሹም ነው፣ እኔ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ። ክንፌን ዓይኔ እያየ በብረት ፈነቀሉት፤ ሲቀደድ የሰጠው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወርቅነህ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ዞሮም አላየኝ።

ክረምቱን እስር ቤት ከረምኩ። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፤ አብሮን የታሰረ አስተማሪ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፈ አስተማረኝ። ይሄን የምጽፈው በዚያች ፊደል ነው። ለማንም ግን አመሰግናለሁ አልልም። ሰው ፊደል ለመቁጠር መታሰር የለበትም።

ዓመታት አልፈው፣ ጅማ አንድ ለቅሶ ቤት ወርቅነህን አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ይቅርታ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፣ ሞኝ ስለሆንኩ። እሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ "ባለሙያዬ ይሄ ነው! ያቺን ቀዳዳ ባይበሳት ኖሮ አዲስ አበባ ገብተን ነበር" ብሎ ሳቀ። ሰዉም ሳቀ። ጥፋተኛዋ ቀዳዳዋ ሆነች! ተነስቼ ወጣሁ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላህ ያውቃል።

ቅዳሜ ዕለት ይሄን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ቁጭ ብዬ ሳለ ከውጭ ጭቅጭቅ ሰማሁ። የፉአድ እናት ዘሀራ ናት።

"ለዚህ ብረትህ ደግሞ ይሄን ለጠፍክለት? ጥቅሙ ምንድን ነው? ንገረኛ!"

"ያምራላ እማ!"

"ያምራል ይለኛል እኮ! ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ ምን ይጠቅማል ይሄ?"

ወጣሁ። ስፖይለሩን እንደገና ዳሰስኩት። ድፍን ነው። ውስጡ ምንም አይገባም፤ ቡናም አይገባም፣ የሰው ተንኮልም አይገባም።

"ምንም አይጠቅምም" አልኳት። "እንኳንም አልጠቀመ።"