ሚኒባስ ውስጥ ግራፍ የምትሠራው ወጣት

ከመልካ ጀብዱ ስንመጣ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የወራቱን ዝናብ የሚያሳይ ግራፍ ትሠራ ነበር። ከተማ ስትደርስ ለሙያ ጓደኞቿ ልታቀርበው ነው። ጥፍሮቿንም በዚያው በግራፉ ሰማያዊ ቀብታለች።

"አባባ፣ ይሄ ምን ይመስልዎታል?" አለች ከፊቷ ወደተቀመጡት አዛውንት አዙራ።

"የሐረር መንገድ ነው። ዳገቱን አውቀዋለሁ።"

ሳትከፋ አጥፍታ እንደገና ሠራችው። አዛውንቱ ደግመው አዩና፣ "ነሐሴ ላይ ደቻቱ ወንዝ ይሞላል ማለት ነው" ሲሉ ፊቷ በራ።

ወዲያው "ሆዮ" የምትላቸው እናቷ ደወሉ። ለወንድ ልጃቸው ሊያጯት የመጡ እንግዶች ሥራዋን ጠይቀዋል።

"ሆዮ፣ ቁጥርን በሥዕል ታስረዳለች በያቸው።" ጥቂት አዳመጠች። "አይ፣ አስተማሪ አይደለሁም። ሠዓሊም አይደለሁም።" ሌላም ነገር አስረዳች፤ አልሆነም። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ "እሺ፣ ቀለም ቀቢ ናት በያቸው" አለች።