ፋንታ የተከላቸው ባሕር ዛፎች

የቢቸናው ጣውላ ሰንጣቂ ፋንታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀናተኛ ነበር እንጂ። ይርጋነሽን ባገባ በዓመቱ፣ መንገደኛው ሁሉ ወደ ደጃፉ የሚያይ እየመሰለው በቤቱ ፊት ባሕር ዛፍ ደርድሮ ተከለ። ለጠየቀው ሁሉ "ለነፋስ ነው" ይላል። ሰፈርተኛው ግን ነፋሱ ማን እንደሆነ አላጣውም። ዛፎቹ ከጣሪያው በላይ ሲያድጉ የይርጋነሽ ትዕግሥት አለቀ፤ "ታጥሬ አልኖርም" ብላ ሽማግሌ ሰብስባ ፈታችው። በክፍፍሉ ለእሱ ከብቱ፣ ለእሷ ቤቱ ደረሳት፤ ከነዛፎቹ።

ብዙም ሳትቆይ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ አገባች። ፋንታ በሰውየው ላይ አንድም ነውር አላገኘበትም፤ አንጀቱን ያሳረረውም ይኸው ነበር። ቢሰክር፣ ቢማታ፣ ቢቀር ቢቀር መላጣ ቢሆን ምን ነበረበት!

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ከዛፎቹ አንዱ ከሥሩ ተነቅሎ የይርጋነሽ ጣሪያ ላይ ጋደም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ፋንታን አስጠራው።

"ጓድ ፋንታ፣ ትልቁ መጋዝ ያለው አንተ ጋ ነው። ሂድና አንሣላቸው።"

"ባልዋ የለም?"

"ባልዋ ጨርቅ ነው የሚቆርጠው።"

ይህችን መልስ መንገዱን ሙሉ እያጣጣማት ሄደ።

ሲደርስ ግን ደስታው ጠፋ። ይርጋነሽ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ ከማን ሱቅ እንደመጣ መጠየቅ አያሻም። ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ ምሳር ይዞ፣ የወደቀው ግንድ ላይ ወጥቶ ከሥሩ አጠገብ ይጨፈጭፋል። ከጀርባው የተነቀለው ሥር አፈሩን እንዳቀፈ ቆሟል። ግንዱ ሲላቀቅ ያ ሥር ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይወድቃል፤ ላዩ ላይ ያለውንም ይዞት ይገባል። ይህን ፋንታ ያውቃል፤ ነጋዴው አያውቅም።

ፋንታ ዝም አለ። ምሳሩ ግንዱ ላይ አረፈ፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ተሰማ። "እኔ አልገፋሁት" አለ በልቡ። ይህን ማሰቡ ራሱን አስደነገጠው።

"ውረድ! ሥሩ ይዞህ ይገባል፣ ውረድ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!"

ኃይለ ጊዮርጊስ ዘሎ ወረደ። ነገሩ ሲገባው ላብ አጠመቀው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ፋንታ" አለ። አያ መባሉም ፋንታን ቆረቆረው።

ሥራውን ጀመረ። ቤቱን ባዶ አስደረገ፤ ግንዱን በባላ ደገፈ፤ ጣሪያውን ሳይረግጥ፣ መሰላል ላይ ሆኖ ቅርንጫፎቹን ከጫፍ እየቆረጠ በገመድ አወረደ። ግንዱ ሲቀር መጋዙ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የመጋዝ ጓደኛው ደግሞ ዘምቷል።

"ያዝ" አለው ባልዋን።

መጋዝ የሰው ቂም አያውቅም፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ካልለቀቀ አይሄድም። ፋንታ ጥርሱን ነክሶ ለቀቀ፣ ሳበ፣ ለቀቀ። ሥሩ ማንም በሌለበት ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ዱብ አለ፤ የቀረውም እየተቆረጠ በገመድ ወረደ። ቆርቆሮው ጥቂት ከመጎበጡ በቀር ቤቱ ደህና ነበር።

በተከፈተው በኩል ፀሐይ እስከ መደቡ ድረስ ገባች። ከመንገድ አንድ በቅሎ ነጂ "እንደምን ዋልሽ!" ሲላት ይርጋነሽ ስቃ መለሰች። ፋንታ እንዲህ ስትስቅ ካያት ዘመን ሆኖታል።

"እነዚህም መውደቃቸው ስለማይቀር ለምን አይቆረጡም?" አለች ወደ ቀሩት ዛፎች እያየች።

"የለም፣ ይቆዩ" አለ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ዓይኑን ከበቅሎ ነጂው ሳይነቅል። "ለነፋስ ጥሩ ናቸው።"

የይርጋነሽ ሳቅ ጠፋ። ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና አንገቷን ደፋች። ፋንታ የዚህን ሰው ነውር ስንት ዘመን ሲፈልግ ኖሯል! አሁን ሲያገኘው ደስ አላለውም። የገዛ ራሱ ነውር ሆኖበት አፈረ።

መጋዙን አንሥቶ ሁለተኛው ዛፍ ሥር ተንበረከከ።

"ና፣ ያዝ" አለ።

"አያ ፋንታ፣ ይቆዩ አልኩ እኮ።"

"የተከልኳቸው እኔ ነኝ" አለ ፋንታ። "ና፣ ያዝ።"